በር ዳር ያለው አግዳሚ

አንድ ስመ ጥር የጥልፍ ቤት ነበር። ከዕለታት በአንዱ ማለዳ የንጉሡ መልእክተኛ መጣና የልዕልቲቱ የሠርግ ካባ እዚያ እንዲጠለፍ መታዘዙን ተናገረ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ከሁሉም በላይ ልቧ በደስታ የዘለለው ትርንጎ የምትባል ጠላፊ ናት፤ የካባ አንገት በመጥለፍ እሷን የሚያህል አልነበረምና።

ነገር ግን ትርንጎ ልጅ ከወለደች ወዲህ የምትሠራው እስከ ቀትር ብቻ ነው። የቤቱ ጌታ ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ሕግ አላቸው። ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው በር ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጠርዝ ይቀመቅማል እንጂ ጥልፍ አይነካም። አግዳሚው ላይ ወንድ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቀትር ሲሆን ቤት የሚጠራው ሴቶችን ብቻ ነበርና።

«ጋሼ፣ አንገቱን ለእኔ ይስጡኝ» አለች ትርንጎ።

«ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው እጁም ግማሽ ነው» ብለዋት አለፉ። እሷም ጠርዟን መቀምቀሟን ቀጠለች።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። በዚያው ሳምንት የጋሽ ዘለቀ ሚስት ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሌላ የሚያስታምማቸው ሰው ስላልነበረ ጋሽ ዘለቀ በየቀኑ ቀትር ላይ ወደ ቤት መሄድ ግድ ሆነባቸው። ይህንኑ ለሠራተኞቻቸው ነግረው ወደ መሐል ወንበራቸው ሲያመሩ፣ ትርንጎ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለች።

«ይምጡ ጋሼ፣ ቦታ አለ።»

ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ጋሽ ዘለቀ ፊታቸው ቀላ። ሕጉ ግን የራሳቸው ነውና ሄደው ተቀመጡ፤ የሚቀመቀም ጠርዝም ተሰጣቸው። መርፌውን እንደያዙ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ትናንት የመኳንንት ካባ ሲጠልፍ የነበረው ያው እጅ ነው።

«ለካስ ያጠረው ቀኑ እንጂ እጁ አይደለም» አሉና ተነሥተው የካባውን አንገት ትርንጎ ጭን ላይ አኖሩት።

በሠርጉ ቀን ልዕልቲቱ ካባውን ደርባ ስትወጣ አገር ጉድ አለ። የአንገቱን ውበት ያላደነቀ አልነበረም፤ በስንት ሰዓት እንደተጠለፈ የጠየቀ ግን አልተገኘም። ትርንጎ ልጇን አዝላ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚህም ይበልጥ የሚያስደስተው፣ ከሠርጉ በኋላ አንድ ወንድ ጠላፊ ሚስቱ ገበያ እንድትውል እሱ ከቀትር በኋላ ልጆቹን ሊጠብቅ ፈቃድ ጠየቀ። ማንም አልሳቀበትም።

ወዳጄ፣ ሰውን ተቀምጦ በዋለበት ሰዓት የሚመዝን ሙያውን ሳያይ ይቀራል። ቤትም የሴት ብቻ ሸክም እስከሆነ ድረስ ሚዛኑ አይስተካከልም። በእርስዎ መሥሪያ ቤት በር ዳር የተቀመጠችው ማን ናት? ይህን ለመጠየቅ የግድ እርስዎም እዚያ መቀመጥ አለብዎት?