ለዓይን የተሠራው ፊልትሮ

አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ የማይረባ የናፍጣ ፊልትሮ አውቄ ገዝቼላታለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ፊልትሮ በአንድ እጅ የሚያዝ ቆርቆሮ ነው፤ ሥራውም ናፍጣው ሞተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቆሻሻውን ማስቀረት ነው። ይህን አውቅ ነበር። አውቄም አደረግኩት።

በአንድ ሐይቅ ዳር እኔና ይህች ጎረቤቴ፣ የውብዳር፣ የየራሳችን ጀልባ ነበረን። ጀልባዎቻችን እኩል ሰው ይጭናሉ፣ ሞተራቸውም አንድ ዓይነት ነው፣ ከአንድ ወደብ ተነስተው አንዲት ደሴት ይደርሳሉ። የእሷ ግን መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም። የእኔው መሀል ሐይቅ ሲደርስ ያስለዋል። ተሳፋሪዎች በአጠገቤ አልፈው ወደ እሷ ሲሄዱ፣ “ብርቄ፣ ያንቺ ላይ የምንወጣ ቀን መቅዘፊያ ከቤታችን ይዘን እንመጣለን!” ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ።

የውብዳር የደበቀችው ምስጢር አልነበራትም። ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀኑ ሲደርስ ትቀይራለች፤ እኔ ሞተሩ እስኪያጉረመርም እጠብቃለሁ። ልዩነታችን ይኸው ነበር። ቅናት ግን የሰውን ትጋት አያሳይም፤ እድሉን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰው ሲወዳት እናደዳለሁ። ሙሽሮች የእሷን ጀልባ ሲመርጡ እናደዳለሁ። ጀልባዋን የቀባችው አረንጓዴ ቀለም እንኳ ያናድደኝ ነበር።

በወደባችን ልማድ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ለሌላውም መለዋወጫ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን እኔ ስሄድ የውብዳር እጄን ያዘችና፣ “ብርቄዬ፣ የናፍጣ ፊልትሮ አምጪልኝ። አንቺ ከመረጥሽው እኔ እንደመረጥኩት ነው” አለችኝ።

የሱቁ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ፊልትሮ ባንኮኒው ላይ አቆሙልኝ። በቀለም አይለያዩም፣ በቁመት አይለያዩም።

“እስቲ በእጅሽ ያዢያቸው” አሉኝ።

አንዱ ከበድ ይላል፣ የአፉ ጎማም ለስላሳ ነው። ሌላው ቀላል ነው፣ ጎማው ደርቋል። ሽማግሌው ለማሳያ የተሰነጠቁ ሁለት አሮጌ ፊልትሮዎች ከመደርደሪያ አወረዱ። የአንዱ ወረቀት እጥፋቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሌላው እጥፋት የተራራቀ ነው፣ ጫፉም በሙጫ ለይምሰል ተይዟል።

“ይሄ ለሞተር የተሠራ ነው፤ ያ ለዓይን” አሉ።

“ከሁለቱም አንድ አንድ ይስጡኝ።”

“አንዱ ለማን ነው?”

“ለእኔ።”

“ሌላውስ?”

“ለጎረቤቴ።”

የትኛው ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ፊቴን አይተው ጠቀለሉልኝ። ለገንዘብ ብዬ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የእሷ ሞተር ሲያስል መስማት ፈልጌ ነው።

ለየውብዳር ስሰጣት የራሴንም አየችው። “ያንቺ ሞተር አስቸግሮሻል፤ የሚሻለውን አንቺ ውሰጂ” አለችኝ።

“ሁለቱም አንድ ናቸው” አልኳት።

ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የውብዳር ሙሽሮችንና አጃቢዎቻቸውን ጭና ከደሴቱ ተነሳች። ዘፈኑ ወደብ ድረስ ይሰማል። መሀል ሐይቅ ሲደርሱ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አሳለውና ጠፋ። ዘፈኑም አብሮ ቆመ። ነፋሱ ጀልባዋን በጎኗ አዞራት፤ ማዕበሉ ይገባ ጀመር። የሙሽራዋ እናት ለድግስ በያዙት ትሪ ውሃ እየዛቁ ሲያፈሱ ካለሁበት ይታየኛል።

የእኔ ሞተር በጥሩው ፊልትሮ በአንድ ሙከራ ይነሳ ነበር። እኔ ግን የጀልባዬን ገመድ ሳልፈታ ቆሜ አየሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ያ የቆምኩበት ጊዜ ከፊልትሮው ይብሳል። የሕፃን ልቅሶ ስሰማ ነው የሮጥኩት።

ጎትቼ አመጣኋቸው። ማንም አልሞተም። የሙሽራዋ አባት አገጬን ይዘው፣ “ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር!” እያሉ ሳሙኝ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ምርቃት ነበር፤ አንዱም አልጣፈጠኝም።

መካኒኩ አያ አምሳሉ እዚያው ዳር ላይ ፊልትሮውን በብረት መጋዝ ቆርጠው ከፈቱት። ወረቀቱ ከሙጫው ተላቅቆ ተቀዳዷል። ቆሻሻው እንዳለ ወደ ሞተሩ አልፏል።

“ይሄ ማጣሪያ አይደለም፤ ቀለም የተቀባ ጣሳ ነው! የውብዳር፣ ማን ነው ይህን የገዛልሽ?”

የውብዳር አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

“እኔው ነኝ፤ ሳላየው ገዝቼ” አለች።

“ሳላየው? ሠላሳ ነፍስ ጭነሽ? እኔ እኮ በአንቺ ነበር ሌላውን የምገሥጸው!” ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተቆጧት። ቆማ ሰማች። እኔም ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። የእሷ ሞተር ሳይድን ቀረ፤ ጀልባዋን ሸጠች። አሁን ገበያ ስትሄድ የምትሳፈረው የእኔ ጀልባ ላይ ነው። ሞተሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ባለፈው ወር ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ “ብርቄዬ፣ ድምፁ ተለውጧል፤ ሳይብስብሽ ፊልትሮውን ቀይሪው” አለችኝ። አየሁት፤ እውነቷን ነበር።

ተሳፋሪዋን ወሰድኩ፣ ስሟን ወሰድኩ። ያን ቀን “እኔው ነኝ” ያለችበትን ልብ ግን መውሰድ አልቻልኩም። እውነቱን ልናገር፤ ዛሬም በዚያ ልቧ እቀናለሁ።

ለሞተራችሁ ፊልትሮ ስትገዙ ቀለሙን አትመኑ፤ በእጃችሁ መዝኑት፣ ጎማውን ዳስሱት፣ ውስጡን ጠይቁ። ሰውም እንዲሁ ነው። ቅናት የያዘው ሰው ከውጭ ሲታይ ደህና ጎረቤት ነው፤ ይስቃል፣ አደራ ይቀበላል፣ ጀልባም ይጎትታል። ውስጡ ያለው ወረቀት ግን ተቀዷል፤ ክፉውን ሐሳብ ሳያስቀር ወደ እጁ ያሳልፈዋል። እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ለጎረቤታችሁ አደራ ስትገዙ የምታነሱት ለራሳችሁ የምታነሱትን ነው?

ይህን ለሌላ ሰው አንብቡለት። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አንድ ቀን እኛ ሐይቅ ዳር፣ የውብዳር ጆሮ ይደርስ ይሆናል፤ እኔ ፊቷ ቆሜ መናገር አቅቶኛል። ያነበባችሁት ግን አውቃችሁብኛልና እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።