የተዋበች መኪና እና የደብሪቱ እጅጌ

ተረት አለኝ፤ "ቀጥይ" በሉኝ። ባትሉኝም እቀጥላለሁ፣ የማንንም ፈቃድ ጠብቄ አላውቅም።

ደሴ፣ ሸዋ በር፣ አመለወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። ወላጆቿ ስም ያወጡላት ሳያውቋት ነው፤ ምላሷ ምላጭ ነበር። ታላቅ እህቷ ተዋበች ስትሞት ይህቺ ሴት ከዓለም የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተዋበችን የስፌት መኪና። መስፋት እንኳ አትችልም። ድምፁን ነው የፈለገችው።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ በዚያች መኪና የሰው ቀሚስ እየሰፋች ያሳደገቻት ተዋበች ናት። አመለወርቅ ትንሽ ሳለች ጭኗ ላይ ትቀመጥና እግሯን በእህቷ እግር ላይ ታደርጋለች፤ አራት እግር ባንድ መርገጫ፣ ትር ትር ትርርር ሲል እንቅልፍ ይወስዳታል። ተዋበች ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለምትሰፋ፣ ሰው የፈለገውን ቢላት መልሷ "እም" ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ልብስ ሲለካ ሰው ቆሞ ይጨዋወት ነበር። ዛሬማ ከላስቲክ መዘዝ አድርጎ መልበስ ነው።

ተዋበች ልጅ አልነበራትም፤ ቤቱም የቀበሌ ነው። ወሩ ሲያልቅ ለሌላ ሊሰጥ፣ ዕቃው መጋዘን ሊገባ ነው። መጋዘን የገባ ብረት ምን እንደሚሆን ዝገት ይንገራችሁ።

አመለወርቅ ቁልፉን በአደራ ወደያዙት ወደ ዕድሩ ዳኛ፣ ወደ ጋሽ ይመር ሄደች።

"ጋሽ ይመር፣ ቁልፉን ይስጡኝ።"

"የፍርድ ቤት ወረቀት አለሽ?"

"እህቴ እኮ ናት! ለእህትነቴ ወረቀት ይጠይቁኛል?"

"እህትነትሽን ሰፈሩ ያውቃል፣ ምላስሽንም ያውቃል። አደራ ግን አደራ ነው።"

ጋሽ ይመር ያለ ወረቀት አልሰጥም አሉ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ መኪናዋም ውስጥ ቀረች።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ለደሃ በነፃ የምትቆም ሀያት የምትባል ጠበቃ አለች። አመለወርቅ "ደሃ" የሚለውን ስትሰማ ልትመለስ ምንም አልቀራት፤ መኪናዋ ትዝ ስትላት ገባች።

"ይቀመጡ እማማ። ሟች ኑዛዜ ትተዋል?"

"ትታለች። የንስሐ አባታችን ጋ ነው።"

"እንግዲያው ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ። ኑዛዜው ሲጸድቅ ወረቀቱን ያገኛሉ። ዳኛዋ ግን ኑዛዜውን ሳታይ አትፈርምም።"

"በቃሌ ብነግራትስ?"

"በቃል ቢሆንማ እማማ፣ አገሩ በሙሉ ወራሽ ነበር።"

አመለወርቅ ለዚህ መልሷ ሴትዮዋን ወደደቻት።

ዳኛዋ ያለ ኑዛዜ አልፈርምም አለች፣ ጋሽ ይመር ያለ ወረቀት አልሰጥም አሉ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ መኪናዋም ውስጥ ቀረች።

መምሬ ላቀው ኑዛዜውን ከዳዊታቸው ጋር ማኅደር ውስጥ አስቀምጠውታል።

"አባቴ፣ የእህቴን ቃል ይስጡኝ።"

"ልጄ፣ ተዋበች ስትናዘዝ አራት ምስክሮች ፈርመዋል። 'አራቱም ሳይሰበሰቡ እንዳይገለጥ' ብላ አደራ ጥላብኛለች። ሦስቱ በጠራኋቸው ጊዜ ይመጣሉ። አራተኛዋ ደብሪቱ ናት።"

"ደብሪቱ!" አለች አመለወርቅ፣ ስሙን እንደ ኮሶ እየዋጠች።

መምሬ ያለ ደብሪቱ አልገልጥም አሉ፣ ዳኛዋ ያለ ኑዛዜ አልፈርምም አለች፣ ጋሽ ይመር ያለ ወረቀት አልሰጥም አሉ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ መኪናዋም ውስጥ ቀረች።

ደብሪቱ ጎረቤት ናት። ከሚካኤል ክብረ በዓል ወዲህ ግን ከአመለወርቅ ጋር አይነጋገሩም።

"ማነው?" አለች ከበሩ ኋላ።

"አመለወርቅ ነኝ።"

"ቤት የለሁም።"

"ለምስክርነት ትፈለጊያለሽ፣ አንቺ!"

"አልወጣም። ተዋበች የምትሰፋልኝ ቀሚስ እጅጌው ሳይገጠም ተኛች፣ በዚያው ቀረች። የእሷን እጅ ሥራ ሳልለብስ ሰው ፊት አልቆምም ብዬ ምያለሁ።"

"ቀሚሱ የት ነው?"

"የት ይሆናል? መኪናዋ ላይ ነዋ!"

ደብሪቱ ያለ ቀሚስ አልወጣም አለች፣ መምሬ ያለ ደብሪቱ አልገልጥም አሉ፣ ዳኛዋ ያለ ኑዛዜ አልፈርምም አለች፣ ጋሽ ይመር ያለ ወረቀት አልሰጥም አሉ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ቀሚሱም መኪናዋም ውስጥ ቀሩ። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀረው።

አመለወርቅ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ሀያት ገሰገሰች።

"ክሰሺልኝ!"

ሀያት ሁሉንም ሰማች። "እማማ፣ ሕጉ ምስክር ትምጣ ይላል እንጂ ምን ለብሳ እንደምትመጣ አይልም። መጥሪያ ላስወጣባት እችላለሁ፣ እስኪደርሳት ግን ወሩ ያልቃል። ለመሆኑ ሴትዮዋ ምን ሆና ነው እንዲህ የማለችው?"

አመለወርቅ ጣሪያውን አየች፣ ግድግዳውን አየች።

"ምንም አላልኳትም። የሚካኤል ዕለት 'ደብሪቱ፣ ይሄ ቀሚስ ነው ወይስ የከሰል ማዳበሪያ?' አልኳት። በቃ።"

"በቃ?"

"ሰው ሳቀ።"

ሀያት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሌላውን ሁሉ እጽፍልዎታለሁ። ይቺን ግን ማንም አይጽፍልዎትም።"

አመለወርቅ ቤቷ ገብታ ሳጥኗን ከፈተች። ከሥሩ ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች፤ ለሠርጓ ማግስት ተዋበች የሰፋችላት ነው፣ የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም። በክንዷ ጣል አድርጋ ሄደች።

"ማነው?"

"አመለወርቅ።"

"ቤት የለሁም አልኩ እኮ።"

"ይቅር በይኝ።"

"አልሰማሁም።"

"ሰምተሻል!" አለችና ምላሷን ነከሰች። "ይቅር በይኝ፣ ደብሪቱ። ሰው ፊት ነው የሰደብኩሽ፣ ሰው ፊትም እደግመዋለሁ። ይኸው፣ የእሷ እጅ ሥራ ነው፣ ልበሺው።"

በሩ ተከፈተ። ደብሪቱ ቀሚሱን ገለበጠችና ውስጡን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"ጠርዙን ሁለቴ አጥፋ ነበር የምትመታው። ለማይታየው ወገን እንኳ..." አለችና ዓይኗ ሞላ። ለበሰችው። "ጠበበኝ።"

አመለወርቅ አፍ ላይ የመጣውን መልስ እኔ አልነግራችሁም፤ እሷም ዋጠችው።

እንግዲህ አመለወርቅ መምሬ ደጅ፣ ሰው ፊት፣ ይቅርታዋን ደገመች፤ ደብሪቱ ቀሚሱን ለብሳ ቆመች፣ መምሬ ኑዛዜውን ገለጡ፣ ዳኛዋ ፈረመች፣ ጋሽ ይመር ቁልፍ ሰጡ፣ ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ። ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው!

ኑዛዜው ምን ይል ነበር? "የስፌት መኪናዬ ለእህቴ ለአመለወርቅ ይሁን። የደብሪቱን እጅጌም እሷው ትግጠምላት።" ተዋበች ሳትሞት ይህ ተጽፎ በተነበበ ጊዜ ደብሪቱ ምስክር ሆና ሰምታዋለች። ሰምታም ዝም ብላ በሯን ዘግታ ጠበቀች!

ቤቱ የመኪና ዘይት ይሸታል። አመለወርቅ ተቀመጠች። ለእግሯ ከሥር የሚደግፈው እግር የለም፤ መርገጫው ቀዝቅዟል። ቀስ ብላ ረገጠች። ትር። ትር። ትር ትር ትርርር። ዓይኗን ጨፈነች፣ ደብሪቱም አላስቸኮለቻትም።

ከዚያ እጅጌውን ገጠመችው፤ ጠማማ ሆነ፣ ፈታችው፣ ደግማ ገጠመችው፣ ባሰበት። ደብሪቱ ክንዷን አስገባችና አየችው።

"አመለወርቅ፣ ይሄ እጅጌ ነው ወይስ የከሰል ማዳበሪያ?"

አመለወርቅ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ነበር።

"እም" አለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ ማበሱን ተዉት፣ የተቀደደ ካላችሁ ለአመለወርቅ ውሰዱላት።