ጸበል ውስጥ የተበጠበጠ ክኒን

በአንድ ወቅት በእስቴ አገር ይርዳው የሚባል ግንበኛ ከግድግዳ ላይ ወድቆ ወገቡ ተጎዳ። አጥንቱ ቢጠገንም ሕመሙ አልለቀቀውም፤ እንደ እሳት ከወገቡ ተነሥቶ እስከ ተረከዙ ይወርዳል። ዓመታት አለፉ። ጎረቤቱም ጩኸቱን ለመደው።

ሴት ልጁ ስመኝ ነርስ ነበረችና ሆስፒታል ወስዳ አስመረመረችው። ሐኪሙም «ነርቭዎ ተጎድቷል። ሕመሙ ጨርሶ አይለቅዎትም፤ ይህን ክኒን ቢወስዱ ግን ይቀልልዎታል» አለው።

ይርዳው ግን ለቅዱስ ሚካኤል ስለት ተስሎ ነበር። «ጸበል እየጠጣሁ ክኒን አልነካም» አለ። የነፍስ አባቱ «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፤ ውሰድ» ቢሉትም አልሰማም።

አባቷ ሞቱን ሲለምን የሰማችው ስመኝ ክኒኑን ለእናቷ ለእናትዓለም ሰጠቻት። «እማዬ፣ ጸበሉ ውስጥ በጥብጪለት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

እናትዓለም ክኒኑን አድቅቃ በጠበጠች።

«ምነው ዛሬ ጸበሉ መረረኝ?» አላት ባሏ።

«እምነት ጨምሬበት ነው» አለችው።

ሰነበተ። ይርዳው እንቅልፍ አገኘ፤ በከዘራ ቆመ፤ ማስቀደስ ጀመረ። በሚካኤል በዓል ሕዝቡ ፊት ቆሞ እያለቀሰ መሰከረ፤ «ሐኪም አይለቅህም ያለኝን ጸበሉ አቀለለልኝ! ክኒን ባፌ አልዞረም!»

ሕዝቡ እልል አለ። እናትዓለም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ብትናገር መድኃኒቱን ይተዋል፤ ጩኸቱም ይመለሳል። በማግስቱም ክኒኑን አድቅቃ በጠበጠች።

እልል ካሉት አንዷ ብዙአየሁ የምትባል የጎረቤት ልጅ ነበረች። የልብ ሕመምተኛ ስለሆነች በየወሩ መርፌ ትወጋለች። «ጋሽ ይርዳው በእምነታቸው ድነዋል፤ እኔ ከማን አንሳለሁ?» ብላ መርፌውን ተወች። ስመኝ ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። የአባቷ ጸበል ውስጥ ክኒን እንዳለበት ግን አልነገረቻትም። ብዙአየሁ እምቢ አለች፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሞተች።

በቀብሩ ዕለት የሟች እናት የይርዳውን እጅ ይዛ «ጋሼ፣ የእኔ ልጅ እምነቷ አንሶ ነው?» ስትል ጠየቀችው። ይርዳው አብሯት አለቀሰ። ሚስቱና ልጁ አጠገቡ ቆመው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ይርዳው የሚያውቀውን መሰከረ። እናትዓለም የባሏ ጩኸት እንዲመለስ አልፈቀደችም። ስመኝም አባቷን ከስቃይ አወጣች። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ የብዙአየሁ ደም በማን ላይ ነው?