ግማሽ ፓስወርድ

አዳማ ውስጥ አንድ ሰው አለ። አርባ ሊሞላው ነው። ሚስት አለችው፣ ሥራ አለው፣ እረፍት ግን የለውም። ቁጭ ብሎ አንድ ብርጭቆ ሻይ የማይጨርስ ሰው ታውቁ የለ? እሱ ነው።

ይህ ሰው የሚወደው አንድ ወሬ አለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ልጅነቱ ኮምፒውተር ያወራል። አባቱ ከመሥሪያ ቤታቸው በጨረታ የገዟት፣ ጀርባዋ ያበጠ፣ ስትነሳ እንደ ወፍጮ የምታጓራ። እናቱ ዳንቴል አልብሰው ሳሎን ያስቀመጧት። እሱና ታናሽ ወንድሙ ዘካርያስ አንድ ወንበር ላይ በግማሽ በግማሽ ተንጠልጥለው የመኪና እሽቅድድም ይጫወቱባት ነበር፤ አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ነዳጅ ይሰጣል። ተራዬ ነው፣ ተራዬ ነው እያሉ ሲደባደቡ አባትየው ፈረዱ።

"ፓስወርዱን ለሁለት ተካፈሉት። ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እሱ። አንዳችሁ ለአንዳችሁ እንዳትናገሩ። ከዛሬ ወዲያ ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አትከፈትም።"

እንግዶቹ ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። "ወይ ያ ጊዜ!" ይላል።

ከዘካርያስ ጋር ግን ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም።

የተኳረፉት በአባታቸው ለቅሶ ነው። ዘካርያስ ከጅማ ሲመጣ መኪና ተበላሽቶበት ከቀብር በኋላ ደረሰ። ታላቁ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እንግዳ መጥቷል፤ ወንበር ስጡት" አለ። ወንበር ሰጡት። ዘካርያስ ጥቂት ተቀመጠና ንፍሮ እንኳ ሳይቀምስ ተነስቶ ሄደ።

ባለፈው ቅዳሜ እናትየው ደወሉ። "አንተ ልጅ፣ ይቺን ኮምፒውተርህን ትወስዳታለህ ወይስ ለቆራሌው ልስጣት?"

በረረ። አምጥቶ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ሰካት። አጓራች። ተነሳች! ከዚያ ፓስወርድ ጠየቀችው።

የራሱን ግማሽ ጻፈ። የዘካርያስን ግማሽ ይገምት ጀመር። የሚደግፈውን ቡድን ጻፈ፤ እምቢ። የሰፈር ቅጽል ስሙን፤ እምቢ። የውሻቸውን ስም፤ እምቢ። ተነሳ፣ ተንጎራደደ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ።

ሚስቱ ትርሲት ሰሃን ይዛ ቆማለች። "ምሳውን የት ላቅርብ?"

"ቆይ፣ ልትከፈት ነው።"

"ደውልለትና ጠይቀዋ!"

"ለዚህ ብዬ? ሰኞ ባለሙያ ጋ እወስዳታለሁ፤ በአምስት ደቂቃ ይከፍታታል።"

"ይክፈታታ። ከዚያስ? መሪውን አንተ ትይዛለህ፤ ነዳጁን ማን ሊሰጥህ ነው? እኔን እንዳታስብ።"

አልሳቀም። ስልኩን አነሳ። አስቀመጠ። በረንዳ ወጣ። ተመለሰ። ደወለ።

ዘካርያስ ወዲያው አነሳው። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም። "ማን ሞተ?" አለ። "እማዬ ናት?"

አያችሁ? ከወንድሙ ስልክ የሚጠብቀው መርዶ ብቻ ነው።

ሰውየው የደወለው እኮ ስለ ፓስወርዱ ሊጠይቅ ነበር። "ማንም አልሞተም" አለ። "ያን ቀን... ወንበር ስጡት ያልኩት... ልክ አልነበርኩም።"

"ልቤን አራድከው አንተ!" አለ ዘካርያስ። ከዚያ፣ "ቀጥል፤ እየሰማሁህ ነው" አለው።

ኮምፒውተሯ ተከፈተች ወይ? እሷን ተዉአት። ትርሲት ምሳውን ጉልበታቸው ላይ አቀረበች፤ የእሱም ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀዘቀዘበት።

ትዝታ ደስ ይላል። ለምን ደስ እንደሚል ታውቃላችሁ? ትዝታ ውስጥ ያለ ወንድም አይቀየምም። አይመልስም። ይቅርታ በለኝ አይልም። ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነዳጅ የሚሰጠውን ልጅ መውደድ ምን ያስቸግራል? አስቸጋሪው ጅማ ያለው ነው፤ የሚያኮርፈው፣ ስልክ የሚያነሳው። እግዚአብሔር ውደዱት የሚለን ግን እሱን ነው። ያኛው ልጅማ የለም፤ አድጓል።

እናንተስ? "ወይ ያ ጊዜ!" ስትሉ አብሯችሁ የነበረው ሰው አሁን የት ነው? የምታወሩት ስለ እሱ ነው ወይስ ከእሱ ጋር? ዛሬ ብትደውሉለት ምን ይላል? "ምነው ጠፋችሁ" ይላል? ወይስ "ማን ሞተ" ይላል?

"ማን ሞተ" የሚላችሁ ሰው ካለ፣ እውነት እስኪሆን ነው የምትጠብቁት? በድንኳን ልትገናኙ?

ከፕሮግራሙ በኋላ ደውሉ አላልኩም፤ አሁን ነው። መዝሙሩ ይቆየናል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ነው፤ ግቢው ውስጥ ኔትወርክ አለ። ውጡና ደውሉ። ምን ብለን እንጀምር አትበሉኝ።

"ማንም አልሞተም" ብላችሁ ጀምሩ።