በሐዘን ነጠላ ሰርግ የሄደችው ሴት

አንዲት ሴት ናት። እሁድ ጠዋት። በሯን ከውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ ቆማለች። አልወጣችም። ቆማለች ብቻ።

ምን ሆና ነው አትሉኝም? በሉኛ!

እሺ ልንገራችሁ። ይቺ ሴት ኮምቦልቻ ውስጥ ሞባይል ትጠግናለች። ስክሪኑ የተሰበረበት፣ ቻርጅ አልገባ ያለው፣ ሽንት ቤት የገባበት፣ ኧረ እውነቴን ነው፣ ሁሉም ወደሷ ነው የሚሮጠው። የኔንም ስልክ የሰራችው እሷ ናት። ይሄን ታሪክ ስልኬን ፈታታ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። "ለጓደኞቼ ልንገራቸው?" ስላት "ንገሪያቸው፣ ግን እንዳታሳጥሪው!" አለችኝ። ስለዚህ አላሳጥረውም!

ስትወለድ ወንድ ነው ተባለ። ስም የወጣላት በወንድ፣ ትምህርት ቤት የገባችው በወንድ። እሷ ግን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ሴት ናት። በቃ! እንዴት አወቀች ትሉኛላችሁ? እናንተስ እንዴት አወቃችሁ? ማን ነግሯችሁ ነው?

እና እስከዛ ቀን እንዴት የምትኖር ይመስላችኋል? በግማሽ! ቀን ቀን ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ "ወንድሜ ይቺን ስልክ እያት እስቲ።" ከስራ ስትወጣ የተከራየቻት ክፍል ትገባለች፣ በር ትቆልፋለች፣ መጋረጃ ትዘጋለች፣ ቀሚሷን ትለብሳለች። እዛች ክፍል ውስጥ ስመኝ ናት። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ሲያምር! ስመኝ! ሲነጋ ግን ስመኝ ከቀሚሷ ጋር ትታጠፍና ሻንጣ ውስጥ ትገባለች።

አስቡት እስቲ። ሻንጣ ውስጥ መኖር! ከልብስ ጋር ታጥፎ!

የዛን እሁድ ግን "ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ቀን" አለች። ሱሪዎቿን ሰብስባ ለሰው ሰጠች። አንድም አላስቀረችም። የልጅነት ጓደኛዋ ሐመልማል ያን ቀን ልታገባ ነው፣ ደውላ ምን አለቻት መሰላችሁ? "ስሚ፣ በሱሪ ከመጣሽ ድንኳን አትገቢም! ዘበኛ ነው የማቆምብሽ!" ወይኔ! እንደሷ አይነት ጓደኛ ይስጣችሁ! አሜን በሉ!

ታዲያ በሩን ለምን አልከፈተችውም?

በእናቷ ምክንያት ነዋ። ሰርጉ እናቷ ሰፈር ነው። ድንኳኑ የተተከለው እናቷ በር ፊት ለፊት።

እናቷ እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ከወራት በፊት ስመኝ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነግራቸዋለች። "እማዬ፣ እኔ ሴት ነኝ። ስሜ ስመኝ ነው።" እትዬ የሻረግ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። በነጋታው ተነሱና መስታወት ፊት ቆመው ነጠላቸውን ዘቀዘቁት።

ታውቁታላችሁ አይደል? ሰው ሲሞት ነጠላ ይዘቀዘቃል። ታች መሆን ያለበት ጥለት ወደላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። ያየ ሁሉ ያውቃል፣ ይቺ ሴትዮ ሰው ሞቶባታል። ጎረቤት "ማን ሞተ?" ሲላቸው "የሩቅ ዘመድ ነው" ይላሉ።

የሩቅ ዘመድ! ያቺ የሩቅ ዘመድ እኮ እሁድ እሁድ ትመጣለች! ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብላ ምሳ ትበላለች፣ "እማዬ በርበሬው በዛ" ትላለች። እሳቸው ደግሞ ሐዘን ለብሰው ያጎርሷታል። አጠገብህ ተቀምጦ ለሚበላ ሰው ሐዘን መቀመጥ! እሷስ? ራሷ ለቅሶ ላይ በየሳምንቱ እንደመድረስ አይሆንባትም?

ስመኝ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ያ ነጠላ እንዲመለስላት። እናቷ አንድ ቀን ቀና ብለው በህይወት እንዳለች እንዲያዩዋት። ዛሬ ደግሞ ከነቀሚሷ ሲያዩዋት ወይ ይመልሱታል፣ ወይ ሰው ፊት "አላውቃትም" ይላሉ። ለዛ ነው ቁልፉ ያልዞረላት።

እና ከፈተችው! ከፈተችዋ!

ነጭ የአገር ልብስ፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው። ከላይ ነጠላ። ችግሩ ነጠላው ላይ ነው። እኛን እኮ እናቶቻችን "ነይ ወዲህ፣ እንደሱ አይደለም!" እያሉ፣ እየጎተቱ ነው ያስተማሩን። እሷን ማን ጎተታት? ማንም። ብትጠየቅማ ታውቀዋለች። ግን ጨንቋታል፣ እጅ ደግሞ ሲያይ የከረመውን ነው የሚሰራው። ሲያይ የከረመው ምንድነው? እናቷን፣ እሁድ እሁድ፣ መስታወት ፊት። ስለዚህ ልክ እንደ እናቷ አድርጋ፣ ተጠንቅቃ፣ አሳምራ ለበሰችው። ጥለቱን ወደላይ!

ገባችሁ? ለሰርግ! ዘቅዝቃ! ሳይታወቃት!

መንገድ ላይ ባጃጅ አስቆመች። ሹፌሩ ሙክታር ይባላል፣ ሙዚቃውን ጣሪያ አድርሶታል። በመስታወቱ አያት። ጥለቱን አየ። ሙዚቃውን ቀጭ! አጠፋው።

"እህቴ፣ የት ላድርስሽ?"

እህቴ! መንገድ ላይ ሰው እህቴ ሲላት በህይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሙክታር ደነገጠ። "አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ። አላህ ያጽናሽ። አባትሽ ናቸው?"

"ኧረ ማንም አይደለም!" ታለቅሳለች፣ እንደገና ትስቃለች። "ድንኳኑ ጋ አድርሰኝ ብቻ።"

"ሐዘን መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ያደርጋል። እኔም አጎቴ ሲሞቱ ስስቅ ነው የዋልኩት።"

አልቻልኩም! እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ አልችልም!

ቀስ ብሎ፣ ጉድጓዱን እየዞረ፣ እንደ እንቁላል አደረሳት። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ጭፈራ። ሙክታር አንገቱን አውጥቶ አየ። "የምን ለቅሶ ነው እንደዚህ የሚደምቀው?"

በር ላይ የቆሙት እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ ማለት እዛ ሰፈር ሰርግም ለቅሶም ያለሳቸው የማይሆን ሴትዮ ናቸው፣ ድምፃቸው ማይክ አያሻውም።

"ውይ ውይ ውይ! በሰርግ ቀን! የምን ሟርት ነው ይሄ? አንቺ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው እንዲህ ሆነሽ ሙሽራ ፊት የምትቆሚው?"

ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞረ። አወቋት።

"የየሻረግ ልጅ አይደል እንዴ?"

"ቀሚስ ነው እንዴ የለበሰው?"

"ሙሽራው ሁለት ሚስት ሊያገባ ነው!" አለ አንዱ፣ ሳቁ።

ስመኝ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን አየች። ያኔ ገባት። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። ልመለስ? ወደ የት? ሱሪ የለ! ሁሉንም ሰጥታዋለች! ሻንጣው እኮ ባዶ ነው!

ከድንኳኑ ጥግ እትዬ የሻረግ ብድግ አሉ። የጎረቤት ሰርግ አይቀርም ብለው መጥተው፣ ጥግ ይዘው ነበር። እሳቸውም ዘቅዝቀዋል። አንድ ሰርግ፣ ሁለት ሐዘንተኛ!

እትዬ ብርቄ አንዷን ያያሉ፣ ሌላዋን ያያሉ። "እንዴ የሻረግ! እናትና ልጅ ሐዘን ለብሳችሁ! ስንት ጊዜ 'የሩቅ ዘመድ' እያልሽ ሸወድሽን። በይ ንገሪንና አብረን እናልቅስ። ማን ነው የሞተው?"

ማን ነው የሞተው?

እትዬ የሻረግ ልጃቸውን አዩ። ያን ነጠላ አዩ። ትከሻ ላይ አጣጣሉ፣ ደረት ላይ አወራረዱ፣ ጫፏን ወደ ውስጥ ሸጎጥ ማድረጓ ሳይቀር የራሳቸው ነው። ያቺን ጫፍ እንደዛ የሚሸጉጥ ሌላ ሰው የለም። ለካ እሳቸው ሲያለቅሱላት እሷ እሳቸውን ስታጠና ነው የከረመችው!

ቀስ እያሉ መጡ። ደረሱ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ መነጨቁት።

ሰው ሁሉ "አዋረዷት" አለ። ስመኝ አይኗን ጨፈነች።

እትዬ የሻረግ ነጠላውን አራገፉት። ገለበጡት። ጥለቱን ወደታች አድርገው መልሰው አለበሷት። ከዛ ምን ጀመሩ? ቁጣ!

"ነጠላ በቅጡ ሳትለብሺ ነው ሴት ነኝ ብለሽ አደባባይ የወጣሽው? ቀጥ በይ! ትከሻሽን!"

"ያስተማረኝ የለማ፣ እማዬ።"

"እኔ እያለሁ?"

"አንቺማ ሐዘን ላይ ነበርሽ።"

ስመኝ እጇን ዘርግታ የእናቷን ነጠላ ጥለቱ ጋ ያዘችው። "እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም" አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ከዛ ዞሩ። ለእትዬ ብርቄ፣ ለዛ ሲስቅ ለነበረው፣ ለድንኳኑ በሙሉ፦ "ማንም አልሞተም! ልጄ ናት! ስመኝ ትባላለች!" ብለው በገዛ እጃቸው ነጠላቸውን ገለበጡት!

ሁሉም እትዬ ብርቄን ነው የሚያየው። እሳቸው ካኮረፉ በቃ፣ አለቀ። እትዬ ብርቄ እናትየዋን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲያማ፣ የሻረግ... እንኳን ማርያም ማረችሽ!"

ለአራስ የሚባለውን! ሽበት ላበቀሉ ሴትዮ! ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፣ በዛው እልልታው ቀለጠ። እልልልል አንድ! እልልልል ሁለት! እልልልል ሶስት! ከዛ አቆሙ።

ለምን አቆሙ? እኛ ጋ ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሶስት ነዋ። እኔ በዚህ ነገር ሁሌ ነው የምናደደው፣ ለኛ ሲሆን ለምንድነው የሚያንሰው? የዛን ቀን ግን ስመኝ አራተኛውን ጠበቀች። ጠበቀች። አልመጣም። ባለመምጣቱ እዛው ቆማ ተንሰቀሰቀች! ስትወለድ ሰባት ተብሎላት ነበር፣ ልኳ ያልሆነ። በልኳ እልል የተባለላት ያን ቀን ነው!

ሐመልማል ከነቬሎዋ እየተንደረደረች መጥታ አቀፈቻት። ሙክታርም ገብቶ "ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" ሲል "ማንም!" አሉት። "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ለሙስሊሞች የተዘጋጀው ማዕድ ጋ ሄዶ ቁጭ።

ሰኞ ስመኝ በቀሚስ ሱቋን ከፈተች። ሁሉም እልል አለ ብዬ አልዋሻችሁም። አይቷት የተመለሰ አለ፣ የተሳደበም አለ። ግን አንዲት ሴትዮ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣችና "እህቴ፣ እስቲ እዪያት" አለቻት። እሷም አየቻት። ማክሰኞም በቀሚስ። ረቡዕም። ሙሉ ቀን!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አትሽሹኝ!

እናንተስ ለማን ነው የዘቀዘቃችሁት? ቤታችሁ ውስጥ በህይወት እያለ የምታለቅሱለት ሰው የለም? እኛ ባሰብነው መንገድ አልሄደም ብላችሁ፣ እኛ ባወጣንለት ስም አልጠራም አለ ብላችሁ፣ ምሳ እያቀረባችሁ የቀበራችሁት ልጅ፣ እህት፣ ጓደኛ የለም? እነዛ በማለዳ ሽቶ ይዘው የጌታ መቃብር የሄዱት ሴቶች ያጋጠማቸው ምን ነበር? የሚያለቅሱለት እዛ የለም! በህይወት አለ! ታዲያ እኛ ዛሬም ሽቶ ይዘን መቃብር ለመቃብር ምን ያዞረናል?

እናንተ ደግሞ በሩ ጋ የቆማችሁት! አዎ፣ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ቁልፉን ይዛችኋል። "አስተካክዬ ሳውቅበት እወጣለሁ" እያላችሁ ነው። ስመኝ አስተካክላ ነው እንዴ የወጣችው? ዘቅዝቃ እኮ ነው የወጣችው! ቤት ቁጭ ብትል ነጠላዋን ማን ያቃናላት ነበር? ተሳስታችሁም ውጡ! እየተንቀጠቀጣችሁም ውጡ! እግዚአብሔር ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ እንዲኖር የፈጠረው ሰው የለም!

ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ሰው ጋ ሂዱ። ማን እንደሆነ ልባችሁ ነግሯችኋል፣ አሁን ፊቱ ታይቷችኋል። በራሱ ስም ጥሩት። በራሷ ስም ጥሯት። እና ጎረቤት መጥቶ "ማን ሞተ?" ሲላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

አልሰማሁም!

ማንም አልሞተም! በሉ እንግዲህ፣ ለስመኝ፣ በልኳ። ሶስት ብቻ! እልልልልል!