የተመለሰው ቁልፍ

አንድ ጊዜ፣ ጭጋግ በማይለየው ገደል ሥር፣ ፍየሎች፣ ጥንቸሎችና ሚዳቋዎች በአንድ ዋሻ ተጠልለው ይኖሩ ነበር። የዋሻው በር ጠንካራ፣ ቁልፉም አንድ ብቻ ነው። ንጉሣቸው አንበሳ ቁልፉን በረኛዋ አህያ አንገት ላይ አስሮ፣ «ከአንገትሽ እንዳይወርድ!» ሲል አዘዛት። እንስሳቱ ቁልፉ ሲዞር በሰሙ ቁጥር «አህያ ናት» ብለው ቀና እንኳ አይሉም ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ እያለቀሰ መጣ።

«እትዬ አህያ፣ ልጄን ነስር ሊገድለው ነው! ቀዝቃዛ ብረት ማጅራቱ ላይ ቢያርፍ ይቆምለታል አሉኝ። ቁልፍሽን ለአፍታ አውሺኝ።»

«አንበሳ ከአንገትሽ አይውረድ ብሎኛል እኮ።»

«ከዚህ ድንጋይ ጀርባ ነው የተኛው። ደሙ ፈስሶ ሲያልቅ ዝም ብለሽ ልታዪ ነው?»

አህያ አንጀቷ አልችል አለና ሰጠችው። ከድንጋዩ ጀርባ ግን የታመመ ልጅ አልነበረም፤ ለስላሳ ሰም እንጂ። ቀበሮ ቁልፉን ሰሙ ላይ ተጭኖ ቅርጹን አስቀረና አመስግኖ መለሰላት። በቅርጹ ልክ ሌላ ቁልፍ አስቀጥቅጦም ለጅብ ሰጠው።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ግባ፤ ከምታወጣው ግማሹ የእኔ ነው።»

ጭጋጉ ወፍሮ በዋለበት ቀን አህያ ከግጦሽ ስትመለስ አንዲት ጥንቸል የለችም። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ደምም ኮቴም አይታይም። ቀጥሎ የሚዳቋ ግልገል ጠፋች።

«ቁልፉ ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው። ልጄን ምን አደረግሻት?» አለች ሚዳቋ።

«ኧረ እኔ አልነካኋትም! ቁልፉም ይኸው፣ አልጠፋም!»

ማንም አላመናትም። ከዓይናቸው እንዳትርቅ መሐላቸው አስቀመጧት። ጭጋጉ በበሩ ስንጥቅ እየሾለከ ሲገባ፣ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። ሁሉም ወደ አህያ ዘወር አሉ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ ግን ተከፈተ።

ጭጋጉ ውስጥ ሁለት ዓይኖች አበሩ። ጅብ ሆዱን ብቻ እያሰበ ዘው አለ። አህያ በኋላ እግሯ ደረቱን አለችው፤ ፍየሎቹም በቀንዳቸው ተቀበሉት። ቁልፉን እንደያዘ፣ እያነከሰ ጭጋጉ ውስጥ ጠፋ።

አህያም፣ «ለቀበሮ አንዴ አውሼው ነበር። ስለመለሰልኝ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ» አለች።

ሚዳቋ ይህን ለአንበሳ ልትነግር ሮጠች።

አንበሳ በዚያው ቀን መቆለፊያውን አስቀየረ። አሁን በሩ በድሮው ቁልፍ አይከፈትም። ጭጋግ በወረደ ቁጥር ግን አንድ ቁልፍ ከውጭ ሲሞከር፣ ደግሞ ሲሞከር ይሰማል፤ ውስጥ ያሉትም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ።

ከዚህ የምንማረው የበርም ይሁን የኮምፒውተር ምስጢራዊ ቁልፍ ሳይጠፋም ሊሰረቅ እንደሚችልና ለአፍታ እንኳ ከእጅ ከወጣ፣ ተመለሰ ብሎ ከመጽናናት መቆለፊያውን ቶሎ መቀየር እንደሚሻል ነው።