ታሪኩን የደበቀው ሙዚቀኛ

አንድ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። ስሙ አንዳርጌ ይባላል። በከተማው ሠርግ ካለ እሱ አለ፤ አዲስ የምሽት ቤት ከተከፈተም መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ጣቱ ፈጣን፣ ጨዋታው የሚጥም፣ ከባልደረቦቹ ጋር የሚግባባ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ገና ያልጨረሰውን ዜማ በልምምድ ላይ አንጎራጎረላቸው። ከወራት በኋላ ታክሲ ተሳፍሮ ሲሄድ ያው ዜማ ከሬዲዮው ወጣ። ዘፋኙ ሌላ፣ የዜማው ደራሲ ተብሎ የተጠራውም ሌላ። አንዳርጌ ያሰበበት ሳይደርስ "ወራጅ አለ!" ብሎ ወረደና መንገድ ዳር ቆመ። ማን እንደወሰደበት አላወቀም። ስላላወቀም ሁሉንም ጠረጠረ። አኮርዲዮኑን ቁም ሳጥን ላይ ወረወረውና ከባልደረቦቹ ራቀ።

ከዚያ በኋላ ልቡ ወደ ፊልም አዘነበለ። አጭር ፊልም፣ ፕሮዲዩሰር የሌለው፣ ማንም የማያዝበት፣ የራሱ ብቻ የሆነ። ታሪኩም ልጅ ሳለ በጎረቤት ያየው ነው። ብዙ ዓመት ታስሮ የቆየ ሰው፣ ሳይጠበቅ፣ አንድ ማለዳ መጥቶ የእናቱን በር ያንኳኳል። እናቱ ትከፍታለች። ይኸው ነው። ነገር ግን አንዳርጌ ያን በር ሳያስብ የዋለበት ቀን አልነበረም። "ይህን ከሰረቁኝ ሌላ የለኝም" ይል ነበር ለራሱ።

ፊልም ግን ብቻ አይሠራም። ካሜራ እንዲይዝለት ቶፊቅ የሚባል የሠርግ ቪዲዮ አንሺ አገኘ። ለእስረኛው በከተማው ቴያትር ስም ያለውን ናሁሰናይን ጠየቀ። እናት እንዲሆኑለት ደግሞ ጎረቤቱን እማማ በለጡን ለመነ። እማማ በለጡ ተውነው አያውቁም፤ ግን አንድ ነገር ማውራት ሲጀምሩ የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ ነው የሚያዳምጣቸው።

ለሦስቱም ታሪኩን አልነገራቸውም። ለእያንዳንዳቸው የሚሠሩትን ብቻ ቆንጥሮ ሰጣቸው። ናሁሰናይ "እኔ ማን ነኝ?" ቢለው "በር የምታንኳኳ ሰው ነህ" አለው። ስልካቸውን ሰብስቦ ከረጢት ውስጥ ከተተ። እረፍት በሆነ ቁጥር ሜሞሪውን ከካሜራው ነቅሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይጨምራል። ቶፊቅ ይህን እያየ ፊቱን ያዞር ነበር።

በእማማ በለጡ ቤት የተጀመረው ቀረጻ ሲጋመስ ቶፊቅና ናሁሰናይ ግድግዳ ተጠግተው ሲሳሳቁ አያቸው። ጠጋ ሲል ዝም አሉ። "ይኸው!" አለ በልቡ።

"ምንድን ነው የምታወሩት?"

"ምንም" አለ ናሁሰናይ።

"ምንም ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?"

ቶፊቅ ካሜራውን አስቀመጠ። "እውነቱን ልንገርህ። የምንሠራው ምን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለካ እሱም እኔን ሊጠይቀኝ ነበር የመጣው።"

አንዳርጌ አላመነም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ብቻቸውን እንዳይገናኙ ጠበቃቸው። የተጠረጠረ ሰው ደግሞ መልሶ ይጠረጥራል። ናሁሰናይ "ይህ ካሜራ አንሺ ነገር አመላልሶብኝ ይሆናል" ብሎ ከቶፊቅ ሸሸ። ቶፊቅም ዘጋው። እማማ በለጡ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው "ይህ ልጅ በገዛ ቤቴ ምን እያሠራኝ ነው?" እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ሥራው በዝምታና በጎሪጥ ተያይቶ አለቀ።

ፊልሙን ለማንም ሳያሳይ ብቻውን አቀናበረ። በአንድ እሑድ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ አጫጭር ፊልሞች ሲታዩ የእሱም ተራ ደረሰ። ናሁሰናይ በሩን አንኳኳ። እማማ በለጡ ከፈቱ። ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና መዝጊያውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጮኸ፤

"እማማ፣ ይዝጉበት! ሌባ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለአንዳርጌ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ "ይህን ሰው ማን ልኮብኝ ነው?" የሚል ነበር። ዞሮ ቶፊቅን ፈለገ። ቶፊቅ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

በማግሥቱ እማማ በለጡ ቤት ሄደ። ምስር እየለቀሙ አገኛቸው።

"እማማ፣ ምን በደልኩዎት?" አላቸው ገና ሳይቀመጥ። "ስንት ዓመት ታስሮ የመጣ ልጅዎን እንደዚያ ያዩታል? እናት ልጇን እንደዚያ ታያለች?"

እማማ በለጡ ሰፌዱን አስቀመጡ።

"ልጄ ነው እንዴ?" አሉ።

አንዳርጌ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"አንተ፣ ልጅዎ ነው ብለህ ነግረኸኝ ታውቃለህ? 'በሩን ይክፈቱ፣ ሰውየውን ይዩት፣ ዝም ይበሉ' አልከኝ። የማላውቀው ጎረምሳ በሬ ላይ ቆመ። እኔም የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩት አየሁት። ምን ላድርግልህ ኖሯል?"

"ብነግርዎት ለሰው ያወሩብኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ማውራቱንስ አወራው ነበር" አሉ ሳይሸሽጉ። "ግን በሩን እንደዚያ አልከፍትም ነበር።"

አንዳርጌ ያን ቀን ወደ ቤቱ የሚወስደው አጭር መንገድ እንኳ ረዘመበት። ሁለት ነገር ይታገለው ጀመር። ዝም ቢል ታሪኩ የእሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ግን ሰው እየሳቀበት። ቢናገር ደግሞ እንደ ዜማው በአንድ ጠዋት ከሌላ ሰው አፍ ሊሰማው ይችላል። ሳምንት አመነታ። በመጨረሻ ቶፊቅንና ናሁሰናይን ይቅርታ ጠይቆ እማማ በለጡ ቤት ሰበሰባቸው፤ ታሪኩንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው።

ሲጨርስ ናሁሰናይ ራሱን ይዞ "እኔ እኮ ልዘርፋቸው የመጣሁ መስሎኝ ነው!" አለ።

ቶፊቅ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። "ታዲያ ያን ጊዜ ካሜራው ውጭ ምን ይሠራ ነበር? እኛ ከእሳቸው ጋር ሆነን ነው መጠበቅ ያለብን። ከውስጥ" አለ።

እንደገና ቀረጹት። ናሁሰናይ አንኳኳ፤ እማማ በለጡ ከፈቱ። አንዳርጌ "ያቅፉታል" ብሎ ጠብቆ ነበር። አላቀፉትም። እጃቸውን ዘርግተው የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት። ከዚያም ማንም ያልጻፈላቸውን አንድ ቃል ተናገሩ።

"ከሳህ።"

ናሁሰናይ እንባው መጣ። አንዳርጌም ቀረጻውን ማስቆም እንዳለበት ረሳ።

ታሪኩ ሳይወጣ ቀረ? አልቀረም። ፊልሙ ገና ሳይታይ አንድ ልብስ ሰፊ አንዳርጌን መንገድ ላይ አስቁሞ "አንድ የሚገርም ታሪክ ሰምቻለሁ" ብሎ የገዛ ታሪኩን አወራለት። የአንዳርጌ ፊት ጠቆረ፤ ማን እንዳወጣው ለማወቅ ልቡ ቸኮለ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይለቅም። ግን አልጠየቀም። "መጥተህ እየው" ብሎት አለፈ። ፊልሙ በታየ ዕለት ታሪኩን አስቀድሞ የሰማው ልብስ ሰፊ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ሌላው ሁሉ በመሐረብ ፊቱን ይጠርግ ነበር።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይባላል። ውሸት አይደለም፤ የአንዳርጌ ዜማ በእርግጥ ተሰርቋል። ግን ከሌባ የምንሸሽገው ነገር ከወዳጅም ይሸሸጋል፤ ያልተነገረውን ደግሞ ማንም በልቡ ሊሠራው አይችልም። ንብረት ተቆልፎበት ይጠበቅ ይሆናል። አብረው የሚሠሩት ሥራ ግን ከተቆለፈበት ይሞታል።

እስኪ እናስብ፦ አብሮን እንዲሠራ የጠራነውን ሰው የምንሠራውን ደብቀነው፣ ኋላ "ልብህን አልሰጠኸንም" ብለን ስንወቅሰው፣ ጥፋቱ የማን ነው?